«እጃችሁን ዘርጉ!»

ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ በርጩማ ይዤ፣ ለብ ያለ ውሃ በትንሽ ሳፋ አቅርቤ ጥፍሬን ስሞርድ ጎረቤቴ ከውጭ ገባ። ቆመ። ሳፋውን አየ፣ ሞረዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ቲቸር፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምነው እንደ ሙሽራ?» ብሎኝ እየሳቀ ቤቱ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ስታፍ ስደርስ ወሬው በባጃጅ ቀድሞኝ ገብቷል። አንዱ ጓደኛዬ ሻዩን አስቀምጦ አሥር ጣቱን ዘረጋልኝና «ማኒኪዩር ስንት ነው?» አለኝ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የኛ ስታፍ ሰው ላይ ካልሳቀ ሻይ አይወርድለትም፤ የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር።

ማታ ላይ ግን ነገሩ ተመለሰብኝ። ጥፍሬን መንከባከብ ከምን ተነስቼ እንደጀመርኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥፍር ልጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ጥፍር። «ሀገሩ በስንቱ ተወጥሮ አንተ ስለ ጥፍር ታወራለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ያለብኝን ዕዳ ልክፈል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት ደጋ ከተማ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባልም ነበርኩ፤ ወጣት ስለሆንኩና ድምፄ ከሩቅ ስለሚሰማ ይመስለኛል የመረጡኝ። ሰኞ ሰኞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የንጽሕና ቁጥጥር አለ። በየሰልፉ መሃል እየሄድኩ «እጃችሁን ዘርጉ!» እላለሁ። ጥፍሩ ያደገ ወይም የቆሸሸ ተማሪ ካገኘሁ «ጣትህን ሰብስብ» ነው። አምስቱን ጣት ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ወደ ላይ ያቆማል፣ የእንጨት ማስመሪያው ይወርድበታል። በሰኞ ጠዋት ብርድ ያ ምን ያህል እንደሚያም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔም ተማሪ ሆኜ ቀምሼዋለሁ። ቀምሼው ሳለ ነው እንግዲህ መልሼ ያቀመስኩት።

አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜና እሑድ ወይ ስንቅ ልታመጣ ሀገሯ የምትሄድ ወይ እዚያው የምትቀር። ባዮሎጂ ላይ እሳት ነበረች። ጥያቄውን ሳልጨርስ እጇን ታወጣለች። አንዳንዴ «እስቲ ለሌላውም ዕድል ስጪ» እላት ነበር።

ያን ሰኞ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ስባ ነው የቆመችው። «እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። ዝም። ደገምኩላት። ቀስ ብላ አወጣችው። የእጇ ጀርባ በበጋ እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጥቀርሻ ገብቷል። ጥፍሮቿ ቢጫ ሆነው ጫፋቸው ተልጧል። ሁለቱ ጣቶቿ ላይ የጥፍሩ ዙሪያ ቀልቶ አብጧል። ይሄን ሁሉ ዛሬ ነው የማየው። ያኔ ያየሁት ቆሻሻ ብቻ ነው። በሰልፉ ሁሉ ፊት «ይሄ የሴት ልጅ እጅ ነው?» አልኳት። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ማስመሪያውም ወረደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

እጠይቃለሁ፤ መልሱን እንደምታውቅ ዓይኗ ይነግረኛል፤ እጇ ግን ዴስኩ ሥር ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ማስታወሻዬ ላይ «ተሳትፎዋ ቀንሷል» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደቀነሰው አልጠየቅኩም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ በተከራየሁበት ግቢ ቧንቧው ሥር አንዲት ልጅ ሁለት ሳፋ ደርድራ ልብስ ታጥባለች። እሷ ናት። አከራዬ ልብስ አጣቢ እንደሚያስመጡ አውቃለሁ። የኔንም ልብስ በወር ሒሳብ አብረው ያሳጥቡልኝ ነበር። ማን እንደሚያጥበው ግን ጠይቄ አላውቅም። በረኪና ያለበት ሳፋ ውስጥ የምታሸው የኔን ነጭ ጋዋን ነበር። ሰኞ ሰኞ ለብሼው በሰልፍ መሃል የምንጎራደድበትን ጋዋን።

ቀና ብላ አየችኝ። «ደኅና ዋሉ ቲቸር» አለችኝና እጇን አረፋው ውስጥ ደበቀች። እኔ «ደኅና» ብዬ ቤቴ ገባሁ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። እሱም ሰበብ ነው እንግዲህ።

በሳምንቱ የላስቲክ ጓንትና ግሊሰሪን ገዝቼ በአንዲት መምህርት በኩል ላክሁላት። ከኮሚቴውም ወጣሁ። ይቅርታ ለማለት ግን አፌ አልተፈታም። ይቅርታ ያልኳት አምና በቴሌግራም ነው። አሁን ነርስ ናት። «ቲቸር፣ ማስመሪያውን እኮ ረስቼዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። «‹ይሄ የሴት ልጅ እጅ ነው› ያሉኝን ነው ያልረሳሁት።»

ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሜ ብቻ አይነሣ ነው ያለችው። ከታች ከምታነቡት ምክር ግማሹን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ እጅ ሲታጠብ የሚውል ባለሙያ ስለ እጅ ያውቃል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይሄ ነው፦ እኛ እጅ እንቆጣጠራለን እንጂ እጅ መንከባከብን አናስተምርም። ትምህርት ቤት ጥፍር ይመረምራል፤ ውሃ፣ ሳሙናና መቁረጫ አያቀርብም። ቤት ውስጥ ሴት ልጅ እጇ እንዲለሰልስ ይፈለጋል፤ በረኪናውም አመዱም ለእሷ ይሰጣል። ወንድ ልጅ ደግሞ እጁን ከተንከባከበ ይሳቅበታል። ሦስቱም ስህተት ናቸው።

እስቲ አስቡት። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን። እጃችን ማንኪያችንም ሹካችንም ነው። ለምንወደው ሰው የምንሰጠው ጉርሻ ከጣታችን ጫፍ ነው ወደ አፉ የሚገባው። ጥሩ ወጥ የሠራችን ሴት «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ ደስ ይላል። ያ እጅ ሲሰነጠቅ ግን ማን ያየዋል?

የጤናውንም ነገር እንዲሁ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ሜዲስን የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የተሠራው እዚሁ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የአንጀት ጥገኛ ሕዋሳት ሕክምና ተሰጣቸው፤ ከዚያ ለስድስት ወር ክትትል ተደረገላቸው። በየሳምንቱ ጥፍራቸው ከተቆረጠላቸው መካከል እንደገና የተያዙት ከ100 ልጆች 17 ሲሆኑ፣ ካልተቆረጠላቸው ግን 26 ነበሩ። እጅን በሳሙና በመታጠቡ በኩል ደግሞ ልዩነቱ 14 እና 29 ነው። ልብ በሉ፦ ልጆቹ ጥፍራቸው ተቆረጠላቸው ነው የሚለው፤ ጣታቸው ተመታ አይደለም። ለውጡን ያመጣው መቁረጫና ሳሙና ነው።

እኔ ማስመሪያ ይዤ በምዞርበት ግቢ ግን ቧንቧው አብዛኛውን ቀን ደረቅ ነበር። ሳሙና የመምህራን ሽንት ቤት ውስጥ እንኳ አልነበረም። እኔም እኮ ከጠመኔ በኋላ እጄን በሱሪዬ ነበር የምጠርገው!

«ማኒኪዩር የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውም አያስኬድም። ቃሉ እርግጥ ከላቲን የመጣ ነው፤ እጅና እንክብካቤ የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋጥመው ነው። ነገሩ ግን የኛም ነው። አያቴ ለበዓል ሲሆን የእንሶስላ ሥር ወቅጣ እጅና እግሯ ላይ አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ታድር ነበር። ጠዋት ስትፈታው ጥፍሯና መዳፏ ቀላ ብሎ ይወጣል። ቆዳም ያጠነክራል ትል ነበር። ሐረር ሂና አለ። ገበሬው አያቴም ቢሆን ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የተሰነጠቀ ተረከዙንና እጁን በቅቤ ሲያሽ «ምነው እንደ ሙሽራ» ያለው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እኔ ቅዳሜ ማታ የማደርገውን ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ አለ፤ ከሌለም ከሱቅና ከፋርማሲ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፦ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን፣ ንጹሕ ፎጣ።

መጀመሪያ ሞረዱን በደረቅ ጥፍር እጠቀማለሁ። ጥፍር ውሃ ይመጣል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያን ጊዜ ከተሞረደ ጫፉ እየተላጠ ይሄዳል። ሞረዱን እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አትሂዱበት። ከዳር ወደ መሃል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ጥፍራችሁ ጠንካራና ወፍራም ከሆነ ግን ለመቁረጥ ከታጠቡ በኋላ ይሻላል፤ መሞረዱን ሲደርቅ ታደርሱታላችሁ።

አቆራረጡ ቀጥ ያለ ይሁን፤ ጫፎቹን ብቻ ትንሽ ማለዘብ ነው። ወደ ማዕዘኑ ገብታችሁ አትቆፍሩ። በተለይ የእግር ጥፍር ላይ ይሄ ነገር ጣጣ ያመጣል፤ ጥፍሩ ተመልሶ ወደ ሥጋ ያድግና ጫማ ማድረግ ይከለክላችኋል።

ቀጥሎ እጄን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ። የሚያቃጥል ውሃ አይሁን፤ ሰዓታትም አይሁን። የጥፍሩን ሥር በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና። በመርፌ፣ በክብሪት እንጨት፣ በእስክሪብቶ ክዳን የምትጎረጉሩ ተዉ! ጥፍሩን ከሥጋው እያላቀቃችሁ ለቆሻሻው ተጨማሪ ቤት ነው የምትሠሩለት።

አሁን ዋናው ነገር። ጥፍር ከቆዳ በሚወጣበት በኩል ያለችውን ስስ ቆዳ ታውቋታላችሁ። ብዙ ሰው «ውበት» ብሎ ያስቆርጣታል። አትቁረጧት። እሷ የበር መዝጊያ ናት፤ ጀርም በጥፍሩና በቆዳው መሃል እንዳይገባ የምትዘጋው እሷ ናት። እሷ ስትቆረጥ ነው ብዙ ጊዜ ጣት የሚያብጠውና መግል የሚቋጥረው። ከታጠባችሁ በኋላ በፎጣ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ከጎን የተገነጠለች ቆዳም ካለች በጥርስ አትጎትቷት፤ በንጹሕ መቁረጫ ከሥሯ ማንሣት ነው።

በመጨረሻ እጃችሁን ጠረግ አድርጋችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ቫዝሊን። ቫዝሊን በራሱ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ርጥበት እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው። ለዚህ ነው በደረቀ እጅ ላይ ብትለቀልቁት ብዙም የማይረዳው። እጃችሁ የተሰነጠቀ ከሆነ ማታ ቀብታችሁ የጥጥ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ እደሩ። አዎ፣ ያስቃል። ሚስቴ መጀመሪያ ቀን ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። በሦስተኛው ቀን የራሷን ካልሲ ይዛ መጣች።

በቃ፤ ይሄው ነው ማኒኪዩሩ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ደግሞ የምንሳሳታቸው።

መቁረጫና ምላጭ መዋዋስ። አንድ ምላጭ በሰባት ሰው እጅ የሚዞርበት ዶርም ኖሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። የየራሳችሁ መቁረጫ ይኑራችሁ። ጥፍር ቤት የምትሄዱ እኅቶቼም የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያዋ ብትቀየም ትቀየም፤ ጎበዟ ግን አትቀየምም።

ሎሚ። ጥፍር ያነጣል ብለው ሎሚ የሚያሹ አሉ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ሊቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊጥል ይችላል። ሎሚውን ለሰላጣው ተዉለት።

ናፍጣና ቤንዚን። ጋራዥ የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግራሱን በናፍጣ ስታጥቡት የቆዳችሁን ቅባት አብራችሁ ነው የምታጥቡት። የምግብ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ፣ ስኳር ጨምራችሁ እሹት፤ ዘይት ግራሱን ያላቅቀዋል፣ ስኳሩ ይፈገፍጋል። ከዚያ በሳሙና። ሞክሩትና ንገሩኝ።

ኩቴክስ። ቀለሙን እወደዋለሁ፤ ሚስቴም ታደርጋለች። ግን አሴቶን ጥፍር ያደርቃል፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ቀለም መቀያየሩን ተዉት። ጄልና አርቴፊሻል ጥፍር ደግሞ መላቀቅ ሲጀምር በጥርስም በጉልበትም አትንቀሉት። ቀለሙ ብቻውን አይመጣም፣ የጥፍራችሁን ገጽ ይዞ ነው የሚመጣው። የእጅ ጥፍር የሚያድገው በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመተካት ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። የእግሩማ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል። በአንድ ደቂቃ የነቀላችሁትን ግማሽ ዓመት ትጠብቁታላችሁ።

ይህ ቀስ ብሎ ማደጉ ጥቅምም አለው፤ ጥፍር ያለፉትን ወራት ታሪክ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ስትሞርዱ እያያችሁት። ነጭ ነጠብጣቡን ካልሲየም ማነስ ነው ይሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም፣ ጥፍሩ ሥሩ ላይ ሳለ የደረሰበት ትንሽ ግጭት ነው። ጥፍር መሃሉ እንደ ማንኪያ ከጎደጎደ ግን የብረት ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ደም መታየት ነው። ቢጫ ሆኖ እየወፈረና እየተፈረፈረ ከመጣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ወራት ይፈልጋል፣ ነጭ ሽንኩርት በማሰር አይለቅም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው ጥፍር ላይ ጠቆር ያለ መስመር መውጣቱ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ጉዳት የለውም። ግን በአንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከተሻገረ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቦብ ማርሌይን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ተገኘበት። በ1981 ሲያርፍ ገና 36 ዓመቱ ነበር። በ2005 ስልሳኛ ልደቱ መስቀል አደባባይ በኮንሰርት ሲከበር እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ዘፈኑን እንጂ ጥፍሩን ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን ስለ ሴል ሳስተምር ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ያን ቀን የሚተኛ ተማሪ የለም።

ወደ ልብስ አጣቢዋ ልመለስ፤ ምክንያቱም የጽሑፌ ልብ እዚያ ነው።

በረኪና የሚያነጣው በኃይሉ ነው። ያ ኃይል ጋዋን ከእጅ አይለይም። የቆዳን ቅባት ይገፍፋል፣ ጥፍርና ቆዳ የተሠሩበትን ፕሮቲን ይበላል። ላይ ላዩን ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃና የደጋ ንፋስ አለ። አሁን ያለሁባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምንም ሳትነኩ እንኳ እጅ ይሰነጠቃል። እኔ ጠመኔ ብቻ ይዤ ይሰነጠቅብኛል፤ ጀሶ ርጥበት ይመጣልና። ሳፋ ውስጥ ግማሽ ቀን የዋለ እጅማ እንዴት ይሁን?

ስለዚህ ልብስ የምታሳጥቡ ሁሉ፣ ይህን ለምኛችኋለሁ። ከሳሙናው ጋር ጓንት ግዙ፤ ለእጇ የሚበቃውን ልክ ጠይቃችሁ። በረኪናውን በደንብ በውሃ አቅጥኑት፤ ከሎሚም፣ ከኮምጣጤም፣ ከሽንት ቤት አሲድም ጋር አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ውሃ አሙቁላት። ሥራ ስትጨርስ ቫዝሊን ያለበትን ዕቃ አቅርቡላት። ክፍያዋን ስትሰጡ ደግሞ እጇን እዩት። የኔን ጋዋን ያነጣ እጅ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ዓመት ሙሉ የለበስኩት፤ እናንተ እንደኔ አትሁኑ።

መምህራን ጓደኞቼ ደግሞ፣ የሰኞውን ሰልፍ ተዉትና ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ውሰዱ። ቧንቧ የተገጠመለት አንድ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ከቤት የየራሱን መቁረጫ የሚያመጣ ተማሪ፤ ለሌለው ደግሞ እያንዳንዱ ከተጠቀመ በኋላ ታጥቦ በአልኮል የሚጠረግ፣ ማታ ማታም የሚቀቀል መቁረጫ። እኔ ክፍል ሁለት ዓመት ሆነን። መጀመሪያ ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ስቆርጥ ሳቁ አለቀ። የእጅ ችግር ያለበት ልጅ ካየሁ ለብቻው ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። «እጅህ ምን ሆነ?» ነው ጥያቄው። «ይሄ እጅ ነው?» ሳይሆን። የሁለት ቃል ልዩነት ናት፤ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል ወይ አያወጣም የሚለው ግን እሷ ላይ ነው።

እሺ፣ «ሀገሩ በስንቱ ተወጥሮ» ላላችሁኝ። እውነታችሁን ነው። የዘይት ዋጋ እኔም ቤት ይገባል፣ የመምህር ደሞዝም ስንት እንደሆነ አታጡትም። ግን ትልልቁ ነገር እስኪስተካከል ትንሹን የምናቆየው ለማን ብለን ነው? የኑሮ ውድነቱን እኔ አላቆመውም። አንዲት ልጅ እጇን ዴስክ ሥር እንዳትደብቅ ማድረግ ግን ነበረብኝ፣ እችልም ነበር፣ አላደረግኩም። ሰው የሚጠየቀው በሚችለው ነው።

ለወንዶቹ ደግሞ፦ ወንድነት ጥፍር ሥር ባለ ቆሻሻ አይለካም። ልጃችሁን ታጎርሳላችሁ፣ የእናታችሁን ጉንጭ ትዳስሳላችሁ፣ ለቅሶ ቤት የሰው እጅ ትጨብጣላችሁ። የሚጨበጥ እጅ ይኑራችሁ። ሰዓት የምታጠሩ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ኳስ እያያችሁ ይቻላል፤ እኔ ግማሹን ጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጎረቤቴ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነብ አውቃለሁ። የፌስቡክ ጓደኛዬ ነህ፣ ላይክ ሳታደርግ እንደምታነብ አውቃለሁ። በርጩማ ሁለተኛ አለኝ። ውሃውን እኔ አሞቃለሁ፤ መቁረጫ ግን የራስህን ይዘህ ና።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ከናንተም ውስጥ በኔ ማስመሪያ ጣታችሁ የተመታ ትኖራላችሁ። ሁላችሁንም በስም አላስታውስም፤ እናንተ ግን እኔን ታስታውሳላችሁ። ይቅርታ። ኮሜንት ላይ ልትወቅሱኝ ትችላላችሁ፣ አላጠፋውም።

ቸር ሰንብቱ። እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው።